ቅቤ የተቀባው ፍሬን

ሞተሬ ጎበዝ ነው እያለ የሚኩራራ ሾፌር ሰቆጣ መናኸሪያ ሞልቷል። እኔ አፌን ሞልቼ የምናገረው ስለ ፍሬኔ ነው። ዳገት ማንም ይወጣል፤ ነዳጅ ካለህ ሞተሩ ራሱ ይዞህ ይወጣል። ሥራው ሰውን በደህና ማውረዱ ላይ ነው። ይህን ስል እየፎከርኩ አይደለም፤ እሺ፣ ትንሽ እየፎከርኩ ነው። ግን የተማርኩት በራሴ ጥፋት ነው፣ ያውም አባቴን ጋቢና አስቀምጬ።

ከሰቆጣ ደሃና የምትመላለስ ሚኒባስ አለችኝ። ነዳጅ እንደ ልብ በማይገኝበት ሰሞን እኛ ሾፌሮች አንድ ክፉ አመል ለምደን ነበር። ቁልቁለት ስንደርስ ማርሹን እናወጣና መኪናዋን በፎሌ እንለቃታለን። ነዳጅ ይተርፋል፤ ሞተሩ ግን አያግዝም፣ ሸክሙን ሁሉ የሚችለው ፍሬኑ ብቻ ነው። የሚከለክለን ሰው ሲመጣ እንስቅበት ነበር። እኔማ ከሁሉም የባስኩ ሳቂ ነበርኩ።

ያን ቀን ከደሃና ወደ ሰቆጣ ስንሄድ መኪናዋ ጢም ብላ ሞልታለች፣ ጣሪያው ላይ ሦስት ጆንያ ገብስ አለ፣ አባቴ ከጎኔ ተቀምጠው ስለ ቤተ ክርስቲያኑ ቆርቆሮ ያወሩኛል። በረጅሙ ቁልቁለት ሦስተኛው እጥፋት ላይ የተቃጠለ ሽታ መጣ። ፍሬን ስረግጥ ፔዳሉ እንደ ወትሮው እግሬን ገፋ፤ መኪናዋ ግን አልሰማችኝም። ደግሜ ረገጥኩ። የፍሬኑ ሸራም፣ ሸራው የሚጨብጠው ዲስክም ግለው መያዝ ትተዋል። በግራ ገደል ነው፣ በቀኝ ተራራ። ከተራራው ሥር መንገድ ጠራጊዎች የከመሩትን አፈር አየሁና መሪውን ወደዚያ ጠመዘዝኩት። አፈሩ መኪናዋን እስከ መብራቷ ዋጣት፤ ቆምን።

ተሳፋሪ አልተጎዳም። እኔ ግንባሬን መሪው ላይ ተመትቼ ደሙ ቅንድቤን አልፎ አገጬ ድረስ ወረደ። የአባቴ ዓይን ያን ጊዜ ከደከመ ቆይቷል፤ የሰው ጥላ ያያሉ እንጂ ፊት አይለዩም። «ልጄ፣ ተጎዳህ?» አሉኝ። «ምንም አልሆንኩም፣ አባዬ። እርስዎስ?» አልኩና ወደ ኋላ ዞሬ ጣቴን ከንፈሬ ላይ አደረግሁ። ተሳፋሪው ገባው። አንዲት እናት ትንፍሽ ሳትል በነጠላዋ ጫፍ ግንባሬን ደግፋ ያዘችልኝ። በማግስቱ ጤና ጣቢያ ሰፉኝ። ጠባሳው እስከ ዛሬ አለ፤ አገሩ ሁሉ ሲያየው አባቴ ብቻ አያውቁትም ነበር። ልጄ በእኔ ፊት ደማ ብለው ሌሊት ሌሊት እንዲያስቡት አልፈለግሁም።

አባቴ ያን ቀን በዱላቸው እየዳበሱ ወረዱና መንገዱ ዳር ቆሙ። ሲቆጡ በአገራችን ቋንቋ፣ በኽምጠኛ ነው፣ ሲመርቁ በአማርኛ። ያን ቀን ግን በሁለቱም ማሉ። «ይቺ መኪና ስትቆም በዓይኔ በብረቱ ሳላይ ሁለተኛ አልሳፈርባትም» አሉ። የቀረውን መንገድ የአንድ ገበሬ አህያ ላይ ተቀምጠው ሄዱ። በኋላ ሌላ መኪና ልፈልግልዎት ብላቸው፣ «ልጄ የሚነዳውን ያላመንኩ የሰው ልጅ የሚነዳውን ላምን?» ብለው አፌን አስያዙኝ። ከዚያ ወዲህ ሰቆጣን አልረገጡም። በዓይኔ ካላየሁ ይላሉ፤ ዓይናቸው ደግሞ የለም። እንግዲህ ምን ይደረጋል?

ሁለት ዓመት እንዲህ አለፈ። ከዚያ በታኅሣሥ የዓይን ሐኪሞች ለአንድ ሳምንት ሰቆጣ ይመጣሉ ተባለ። የአባቴ ሕመም የዓይን ሞራ መሆኑን፣ በአንድ ቀን ሥራ ሊገፈፍ እንደሚችልም ባለሙያ ነግሮናል። ችግሩ መድረሱ ነው። በእግርም በአህያም ሁለት ቀን ይፈጃል፤ ጉልበታቸው ደክሟል፣ መንገዱም ገደል ለገደል ነው። ያ ሳምንት ካመለጠ ሐኪሞቹ መቼ እንደሚመለሱ የሚያውቅ አልነበረም። እኔ ደግሞ ሰውን ሁሉ ሐኪም ቤት አድራሽ ሆኜ የገዛ አባቴን ማድረስ አቃተኝ። ይህ ነገር አንጀቴን ይበላው ነበር።

ታናሽ እህቴ ዱባይ ሰው ቤት ትሠራለች። ለእረፍት በኅዳር መጀመሪያ ልትመጣ ስትል «ምን ላምጣልህ? ስልክ? ጫማ?» አለችኝ።

«የፍሬን ዲስክ» አልኳት።

«ምን?»

«ከጎማው ኋላ ያለ ክብ ብረት ነው፤ ሸራው እሱን ጨብጦ ነው መኪና የሚያቆመው። ተራው ሳይሆን፣ የተበሳሳና ቦይ የወጣለት፣ ሙቀት የሚችለው ዓይነት። ከነሸራው።»

«ሰው ሽቶ ያስመጣል» አለች።

ግን አላሳፈረችኝም። የአሠሪዎቿን ሾፌር ለምና፣ የመኪናዬን ልክ በፎቶ አስልካኝ፣ ሁለት የፊት ዲስክና አንድ ሙሉ ሸራ ይዛልኝ መጣች። ከሻንጣዋ ግማሹ ብረት ነበር። እኔ ወልድያ ሄጄ ስለነበር በቀጥታ ደሃና አባቴ ቤት ገባች። በግ ታረደ፤ አክስቴም እንደ ደንቡ ለጋ ቅቤ አናቷ ላይ አደረገችላት። ሳምንት ተቀምጣ ተመለሰች። መካኒኬ ለሌላ ሥራ ወልድያ ቆይቶብኝ ስለነበር ዕቃውን ለጊዜው እዚያው አባቴ ዘንድ ተውኩት። አባቴም «አይዞህ፣ እኔ እጠብቀዋለሁ» አሉኝ። ከአባቴ ቤት ምን ይነካዋል ብዬ ረሳሁት።

መካኒኩ የተመለሰው ሐኪሞቹ ሥራ በጀመሩበት ሰኞ ዕለት ነው። ዕቃውን ከዋዜማው አምጥቻለሁ፤ በአሮጌ ጋቢ ተጠቅልሎ ተሰጥቶኝ ሳልፈታው ጋቢና ሥር አስቀምጬዋለሁ። ጋራዡ ውስጥ መካኒኩ ጎማዎቹን አወለቀ፣ ጥቅሉን ፈታ፣ አንዱን ዲስክ አነሳና ወደ አፍንጫው አስጠጋው።

«አንተ» አለኝ፣ «ይሄ ነገር ቅቤ ቅቤ ይሸታል።»

«ዱባይ ቅቤ የለም፤ የፋብሪካ ዘይት ይሆናል።»

«የፋብሪካ ዘይትማ አውቃለሁ። ይሄ ለጋ ነው። በጾም ምን ልታደርገኝ ነው?»

ደርሼ ነካሁት። እውነቱን ነው። ዲስኮቹ ፊትና ኋላቸው፣ ቀዳዳዎቹ ሳይቀሩ፣ አንድ በአንድ ቅቤ ጠጥተዋል። የአባቴ ሥራ መሆኑን ወዲያው አወቅሁ። አባቴ ማጭድና መጥረቢያቸውን ዝገት እንዳይበላው ቅቤ አስነክተው ነው የሚሰቅሉት። ለመሣሪያቸው የከረመውን ቅቤ ነው የሚጠቀሙት፤ ለልጃቸው ብረት ግን ከእህቴ አናት የተረፈውን ለጋውን አውጥተውለታል። ዲስኩ ባልከፋ፤ በቤንዚንና በሳሙና ይታጠባል። መካኒኩ ግን ትንሹን ካርቶን ሲከፍት ፊቱ ተለወጠ። ሸራዎቹም ተቀብተዋል። በመዳፍ ታሽተው፣ ውስጣቸው ድረስ ጠግበው። አባቴ ብረቱንና ሸራውን በዓይን አይለዩም፤ በእጃቸው ያገኙትን ሁሉ እኩል ባርከውታል።

«ይታጠባል?» አልኩት።

«ሸራ እንደ እንጀራ ነው፤ የጠጣውን አይመልስም» አለኝ። «ባቃጥለው ላዩ ይደርቃል፣ ሲግል ከውስጥ ይወጣል። ቁልቁለት ላይ ደግሞ ያንኑ ጉድ ትደግመዋለህ። እኔ አልገጥመውም።»

ደሜ ፈላ። ቁጡ ሰው ነኝ፣ አልክድም። ካርቶኑን ወርውሬ ጋራዡን ሁለት ጊዜ ዞርኩት፤ ማንን እንደምሰድብ ግራ ገባኝ። አባቴን ስል ምላሴ ታሰረ፣ እህቴን ስል ምን አጠፋች። ከዚያ ስልኬን አንስቼ አዲስ አበባ ያለ የድሮ የሥራ ጓደኛዬን ያዝኩት። ያንኑ ዓይነት ሸራ ፈልጎ በአውቶቡስ በወልድያ በኩል እንዲልክልኝ ለመንኩት። ሐሙስ ይደርሳል አለኝ። ሐኪሞቹ የመጨረሻውን ሰው የሚያክሙት ዓርብ ነው። በመሃል አንድ ነገር ከተበላሸ አለቀ።

አሮጌው ፍሬን ተመልሶ ተገጠመና ማክሰኞ በማርሽ እየተንፏቀቅሁ ደሃና ሄድኩ። መንገዱን ሙሉ ለአባቴ የምለውን ሳዘጋጅ ነው የሄድኩት። አባዬ፣ ያልገባዎትን ነገር ለምን ይነካሉ እላለሁ። ዕቃ መጠበቅ ማለት መቀባት ነው እንዴ እላለሁ። ግቢ ስገባ ከግድግዳው ሥር ፀሐይ እየሞቁ መጥረቢያቸውን በጨርቅ ሲያሹ አገኘኋቸው። እርምጃዬን አወቁት።

«ብረቱ እንዴት ሆነ?» አሉኝ ገና ሳልቀመጥ። «ዝገት ነካው?»

አውራ ጣታቸው የመጥረቢያውን ስለት ቀስ ብሎ ሲዳብስ አየሁ። ይሄው እጅ ነው እያንዳንዷን ቀዳዳ ፈልጎ የቀባት።

«አልነካውም፣ አባዬ» አልኩ። «አንድም ዝገት የለበትም።»

«ብያለሁ እኮ» አሉና መጥረቢያውን ገለበጡት። ዓርብ መጥቼ እንደምወስዳቸው ነገርኳቸው። እሳቸው ግን ስለ ገብሱ አወሩኝ። እሺም እምቢም ሳይሉኝ ተመለስኩ።

ሸራው ሐሙስ ረፋድ ላይ ከአውቶቡስ ወረደ። መካኒኩ ምሳውን ትቶ ገጠመው፤ የፍሬኑንም ዘይት ለወጠ፣ አየሩንም አስወጣ። ከዚያ ጣቱን ደረቴ ላይ አድርጎ፣ «ስማ። አዲስ ሸራ ከዲስኩ ጋር ሳይላመድ ሰው እንዳትጭን። ሜዳው ላይ ፍጥነት ያዝ፣ ጠበቅ አድርገህ ረግጠህ ዝግ በል፣ ሙሉ በሙሉ ሳታቆም እንደገና ሂድ። አሥር ጊዜ። ከዚያ ፍሬን ሳትነካ እያነፈስክ አቀዝቅዘው። ማርሽ አውጥተህ ብትወርድ ግን ይሄም አያድንህም፤ ሬሳህን እኔ አላነሳም» አለኝ። መካኒኬ አፉ እንዲህ ነው፣ እጁ ግን ወርቅ ነው። እንዳለኝ አደረግሁ። የመጀመሪያዎቹን ሁለት ሦስት ጊዜ እየጮኸ ተንሸራተተ። ሰባተኛው ላይ ሰውነቴ ወደፊት ሲገፋ ፈገግ አልኩ። እንዲህ ዓይነት ፍሬን እግሬ ሥር ኖሮ አያውቅም። ተሳስቼ ነበር፣ አርሜዋለሁ፤ ሲሠራ እየተሰማኝ ልቤ ሞላ።

ዓርብ ጎህ ሲቀድ ተሳፋሪ ሳልይዝ ወጣሁና አባቴ ግቢ ፊት አቆምኩ። ጋቢያቸውን ለብሰው ዱላቸውን ይዘው በር ላይ ቆመዋል፤ አክስቴ ስንቅ ቋጥራላቸዋለች። ግን እርምጃ አልተራመዱም።

«ምያለሁ» አሉ።

«አውቃለሁ። ግን ዓይንዎ እስኪድን እንዴት አድርገው ያዩታል?»

«ጎማው ጋ ውሰደኝ» አሉኝ። ፍሬኑ እስኪቀዘቅዝ ትንሽ አቆየኋቸው፤ ኋላ ተንበረከኩ፤ በቸርኬው ቀዳዳ ጣታቸውን አስገብተው ዲስኩን ዳበሱት። ቀዳዳዎቹን አንድ በአንድ አገኟቸው። «ለምንድነው የተበሳው?» አሉ። ሙቀቱ እንዲወጣ ነው አልኳቸው፤ ያን ቀን የከዳን ሙቀት ነው፣ ማርሹን አውጥቼ ሁሉን ሸክም ፍሬኑ ላይ የጣልኩት ደግሞ እኔ ነኝ አልኳቸው። ይህን በአፌ ስናገር የመጀመሪያዬ ነበር። አባቴ ጣታቸውን አውጥተው በጋቢያቸው ጠረጉ።

«መሐላዬን አላፈርስም» አሉ። «ዓይኔ እስኪበራ በውሰት ነው የምሳፈረው። ቁም ባልኩህ ቦታ ሁሉ ትቆማለህ።»

«እቆማለሁ።»

ጋቢና ገቡ። ገና ከመንደሩ ሳንወጣ በሬ በሚያቆሙበት ድምፅ «ቁም» አሉ። ቆምኩ። «ሂድ» አሉ። ወንዙ ጋ ስንደርስ «ቁም»። ዳገቱ ላይ ሳይቀር፣ ቆምን። መንገድ ላይ የነበረ እረኛ መኪናዋ የታመመች መስሎት አፉን ከፍቶ አየን። እኔ በዚያ ሁሉ መሃል ሰዓቴን አያለሁ፤ ከስድስት ሰዓት በኋላ እንደማይመዘግቡ ነግረውኛል። አንድ ጊዜ ልቆጣ አፌን ከፈትኩና መልሼ ዘጋሁት። ሰውየው የጠየቀኝ አንድ ነገር ብቻ ነው፣ እሱም መቆም ነው።

ረጅሙ ቁልቁለት ላይ ማርሹን ቀንሼ በዝግታ ገባሁ። ሦስተኛው እጥፋት ላይ፣ ያቺ የአፈር ክምር የነበረችበት ጋ፣ ሳላሳውቃቸው በጆሯቸው ብቻ አወቁት። «ቁም» አሉ፤ ይሄኛው ከሌሎቹ ዝቅ ያለ ድምፅ ነው። መኪናዋ አፍንጫዋን ወደ ገደሉ እንደደፋች ቀጥ አለች። መስኮቱን አስከፈቱኝ። ከገደሉ ንፋስ ይነፍሳል። አባቴ ጭንቅላታቸውን አዘንብለው ጎማው ይንሸራተት እንደሆነ አዳመጡ፤ አንዲት ጠጠር እንኳ አልተንቀሳቀሰችም። «ሂድ» አሉ። ከዚያ በኋላ ሁለት ጊዜ ብቻ ነው ያስቆሙኝ።

ለስድስት ሩብ ጉዳይ ሲሆን ደረስን። ከሰዓት በኋላ አንዱ ዓይናቸው ተሠራ። ቅዳሜ ጠዋት ሐኪሟ ጨርቁን አንስታ ጣቷን ስታስቆጥራቸው፣ አባቴ ጣቱን ትተው የክፍሉን ጣሪያ፣ መስኮቱን፣ የሐኪሟን የጆሮ ጌጥ ነገሯት። እኔ ባርኔጣዬን እስከ ቅንድቤ ዝቅ አድርጌ ከበሩ ጀርባ ቆሜ ነበር። ዕንባዬ መጣ፤ አፍሬም አልደበቅሁት። ጥቁር መነጽርና ጠብታ ሰጥተው፣ አቧራ እንዳይነካቸው አስጠንቅቀው ሸኙን።

ከከተማው ወጥተን የመጀመሪያውን ገላጣ ዳገት ስንጀምር አባቴ «ቁም» አሉ። ወረዱ። ዱላቸውን ይዘው መንገዱ መሃል ላይ ቆሙ።

«ዳገቱን ውጣና ዙር» አሉኝ። «ከላይ ወደ እኔ ና። ዱላዬን ሳነሳ ቁም።»

«አብደዋል እንዴ፣ አባዬ?» አልኩ። «ይልቅ ዳር ይቁሙ። ሐኪሟስ አቧራ እንዳይነካዎት ብላ የለም?»

«እንግዲያው ቀደም ብለህ ቁም።»

ከእሳቸው ጋር መከራከር ዋጋ የለውም። ደግሞ እውነቱን ልናገር፣ አልፈራሁም። ፍሬኔን አውቀዋለሁ። ዳገቱን ወጣሁ፣ ዞርኩ፣ ማርሼን አስገብቼ ወረድኩ። አባቴ ነጭ ጋቢያቸውን ለብሰው፣ መነጽራቸውን አድርገው፣ ንቅንቅ ሳይሉ ቆመዋል። ሁለት ዓመት ሙሉ ይህችን መኪና የሸሹ ሰው ናቸው። ዱላቸው ከፍ አለ። ረገጥኩ። ፍሬኑ ጨበጠ፤ መኪናዋ ሳትወዛወዝ ቀጥ ብላ ቆመች። አቧራው ግማሽ መንገድ ሄዶ ረገበ።

አባቴ እርምጃቸውን በኽምጠኛ እየቆጠሩ ወደ መኪናዋ መጡ። የፊት መብራቱን በመዳፋቸው መታ መታ አደረጉና በእኔ መስኮት በኩል ዞሩ። ባርኔጣዬ ፍሬኑ ሲይዝ ወደፊት ተስፈንጥሮ ወድቋል። መነጽራቸውን ከፍ አድርገው አዩኝ። ለብዙ ጊዜ አዩኝ። ከዚያ ያ አውራ ጣት መጣና ጠባሳዬን ከዚህ እስከዚያ ዳበሰው።

«የዚያን ቀን ነው?»

«አዎ።»

«ምንም አልሆንኩም ብለኸኝ ነበር።»

ጣታቸው አልተነሳም። «ሌላስ ምን ደበቅኸኝ?» አሉ።

«ቅቤው» አልኩ። «ቅቤው ሸራውን አበላሽቶት ነበር። ሌላ አስመጣሁ።»

«አንተ እኮ ቁጡ ነህ» አሉ። «እንዴት አልተቆጣኸኝም?»

«ልቆጣ መጥቼ ነበር። እጅዎን አየሁና ተውኩት።»

አባቴ ጣታቸውን አነሱ። ዞረው ጋቢና ገቡ፣ ጋቢያቸውን ሰበሰቡ፣ በሩን ራሳቸው ዘጉት። ፊታቸውን ወደ መስኮቱ አዙረው ነበርና ምን እንደሚሰማቸው አላየሁም፤ ድምፃቸው ግን ሲሰበር ሰማሁ።

«በል ንዳ» አሉ፣ በአማርኛ።

ነዳሁ። ያን ረጅም ዳገት ወጣን፣ ወንዙን ተሻገርን፣ የመንደሩን ቁልቁለት ወረድን። እስከ ቤት ድረስ አንድ ጊዜም ቁም አላሉኝም።